ያልተጻፈበት ደብተር

መስከረም በጠባ ቁጥር በክፍሌ ውስጥ የማየው አንድ ነገር አለ። ተማሪው ሁሉ አዲስ ደብተር ይዞ ይመጣል። ሽፋኑን በጋዜጣ ወይም በላስቲክ ይለብደዋል፤ ስሙንና ክፍሉን በማስመሪያ አስምሮ ይጽፍበታል፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚያሰፍረው ጽሕፈትማ የቁም ጸሐፊ የጻፈው ይመስላል። ኅዳር ሲደርስ ግን የደብተሩ ጠርዝ ይተጣጠፋል፤ ቀይ እርማት ይገባበታል፤ ስርዝ ድልዙ ይበዛል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ወደ እናቱ ዘንድ ሄዶ «ሌላ አዲስ ደብተር ግዢልኝ» ይላል። አሮጌው አልቆ አይደለም፤ ግማሹ ገና አልተጻፈበትም። ነገር ግን የተጻፈበት ደብተር ስሕተታችንን ያሳየናል፤ ያልተጻፈበት ግን ምንም አያሳይም። እኛም ምንም አለማሳየቱን እንደ ጥራት እንቈጥርለታለን።

ይህን ያነሣሁት ስለ ደብተር ለመጻፍ አይደለም። ስለ ኳስ ተጫዋቾች፣ በተለይም ስለ አዲስ ተጫዋችና ስለ ነባር ወጣት ተጫዋች ልነግራችሁ ነው። በዚያውም አንድ የራሴን ጥፋት እናዘዛለሁ።

ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ወጥቼ በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤት የታሪክ አስተማሪ ከሆንሁ እነሆ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ከመምህራኑ ሁሉ በዕድሜ የማንሰው እኔ ስለ ነበርሁ ይመስለኛል፣ የተማሪ ቤቱ የእግር ኳስ ቡድን ኀላፊነት በደረስሁበት ወር ለእኔ ተሰጠ። እኔም ነገሩን በደንብ ለመያዝ ብዬ አንድ ደብተር ገዛሁና ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ አንድ ገጽ መደብሁለት። በገጹ ላይ የተጫዋቹን ጉድለት በተራ ቍጥር እጽፋለሁ፤ ጉድለቱ የተቃና እንደ ሆነ በላዩ መስመር እሰርዝበታለሁ። አሠራሩ ያስተማሪ አሠራር ነው፤ ኳስ የሚያውቅ ሰው ሳይሥቅብኝ አይቀርም።

ከተጫዋቾቹ አንዱ በዚያን ጊዜ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የነበረ፣ እናቱ በገበያ ቀን ሽንኩርትና ቃሪያ የምትሸጥ፣ ቀጭን ልጅ ነበር። ስሙን ልተወው። የሚጫወተው በአማካይ ቦታ ሲሆን ገጹ ከሁሉም ገጾች ይልቅ በጽሕፈት የተሞላ ነበር። የግራ እግሩ ለመቆሚያ ካልሆነ በቀር ለሌላ አይጠቅመውም፤ ኳስ ሲቀበል አንገቱን ይደፋል፤ ለጓደኛው ማቀበል ሲገባው ይዞ ይዘገያል፤ ኳስ የተነጠቀ እንደ ሆነ ደግሞ እጁን ራሱ ላይ አድርጎ ይቆማል እንጂ ተመልሶ አይሮጥም። በዓመቱ ሙሉ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ፣ እነዚህን ጉድለቶች አንድ ባንድ ስንታገላቸው ከረምን።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አባቱ በሥራ ምክንያት ወደ ከተማችን የተዛወረ ሌላ ልጅ መጣ። የመጣ ዕለት ኳሷን በእግሩ፣ በጉልበቱ፣ በትከሻው እያነጠረ መሬት ሳያስነካ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ዞረ። ተማሪው ሁሉ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብሁ። ሳምንት ሳይሞላ የ10 ቍጥሩን ማሊያ ሰጠሁትና በአማካይ ቦታ አሰለፍሁት። ነባሩ ልጅ ወደ ተጠባባቂዎች ወንበር ሄደ። በደብተሬም ውስጥ ለአዲሱ ልጅ ገጽ ከፍቼ በትልልቅ ፊደል አንድ መስመር ብቻ ጻፍሁ፤ «እግዚአብሔር የላከልን ልጅ» የሚል።

እውነቱን ለመናገር ልጁ ተሰጥኦ ነበረው። ሆኖም ጓደኞቹን አያውቃቸውም፤ እነሱም አያውቁትም። ከጎረቤት ተማሪ ቤቶች ጋር ባደረግናቸው ሁለት ጨዋታዎች ተሸነፍን። ሰዎች ሲጠይቁኝ «ልጁ ጊዜ ያስፈልገዋል» እያልሁ እመልስ ነበር። ልብ በሉ፤ ለአዲሱ እንዲሁ በነጻ የሰጠሁትን ጊዜ ለነባሩ ነፍጌው ነበር። ነባሩ ልጅ ሦስት ጨዋታ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተመለከተና በአራተኛው ሳምንት ልምምድ ቀረ። ባገኘሁት ጊዜ «ቲቸር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብስክሌት ጥገና ቤት ሥራ አግኝቻለሁ» አለኝ። እኔም «በርታ» ብዬው አለፍሁ። በየካቲት የአዲሱ ልጅ አባት እንደገና ወደ ሌላ ከተማ ተዛወሩ፤ ልጁም አብሮ ሄደ። የ10 ቍጥሩ ማሊያ ታጥቦና ታጥፎ ወደ መሳቢያዬ ተመለሰ። ነገሩን የረሳሁት መስሎኝ ነበር።

ዘንድሮ የካቲት 2 ቀን፣ ሰኞ ማለዳ፣ ፊቴን ታጥቤ ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ። ደዋዩ በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ግዛት የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነበር። እንደዚያ ባለ ሰዓት ስልክ ሲደወል የሰው ልብ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። «ምነው? ማን ምን ሆነ?» አልሁት። «ያ ያሰናበትነው ሰው ዋንጫውን ወሰደው!» አለኝ። ሰው አለመሞቱን ሳረጋግጥ ተቀምጬ አዳመጥሁት። የነገረኝ ነገር ግን የራሴን መሳቢያ እንድከፍት አደረገኝ። ስለዚህ ታሪኩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። የአሜሪካኑን ነገር የምናገረው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ እገልጣለሁ።

የአሜሪካ እግር ኳስ እኛ የምናውቀው እግር ኳስ አይደለም። ኳሱ እንደ እንቁላል ሞላላ ሲሆን ከእግር ይልቅ በእጅ ይሠራበታል። ከተጫዋቾቹ ሁሉ የሚከበረው ኳርተርባክ የሚባለው ነው። ይኸውም ኳሱን ተቀብሎ፣ ግዙፋን ሰዎች ሊጥሉት ሲሮጡበት፣ በሁለትና በሦስት ሰኮንድ ውስጥ ለማን እንደሚወረውር የሚወስነው የጦር አዝማች ነው። ቡድኖቹ 32 ናቸው። በየዓመቱ በሚያዝያ ወር ከዩኒቨርሲቲዎች የሚመጡትን ወጣቶች በተራ እየጠሩ ይመርጣሉ። ይህ ምርጫ ድራፍት ይባላል። ድራፍት ስል የቢራውን እንዳይመስላችሁ፤ ምንም እንኳ ሁለቱም ራስ ማዞራቸው ባይቀር። ምርጫው ሰባት ዙር አለው፤ ባለፈው ዓመት መጨረሻ የሆነው ቡድን በእያንዳንዱ ዙር ቀድሞ ይመርጣል። የደካማው ቡድን ዕድል እንዲቃና የታሰበ መልካም ሥርዓት ነው።

የመጀመሪያው ድራፍት የተደረገው በ1936 በፊላዴልፊያ ከተማ ሲሆን ከሁሉ በፊት የተጠራው ወጣት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ጄይ በርዋንገር ነበር። በርዋንገር በዚያ ማኅበር አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ወደ ሌላ ሥራ ሄደ። እንግዲህ ስለ ድራፍት ዋናው ትምህርት ገና በመጀመሪያው ቀን ተሰጥቶ ነበር ማለት ነው፤ ሰሚ ግን አልተገኘም።

ቡድኖቹ የመምረጥ ተራቸውን እንደ ገንዘብ ይለዋወጡበታል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የዳላስ ቡድን ለእያንዳንዱ ተራ ዋጋ የሚሰጥ ሠንጠረዥ አወጣ፤ ለመጀመሪያው ተራ 3,000 ነጥብ ተሰጠው፤ ሌሎቹም እየተከተሉ በዚያው ይገበያዩ ጀመር። በ1999 የኒው ኦርሊንስ ቡድን ሪኪ ዊሊያምስ የተባለውን አንድ ሯጭ ለማግኘት የዚያን ዓመት የመምረጥ መብቱን ሁሉ፣ ከሚቀጥለውም ዓመት የመጀመሪያውንና የሦስተኛውን ዙር መብቱን ለሌላ ቡድን ሰጠ። ልጁ መጥፎ ተጫዋች አልነበረም፤ ቡድኑ ግን በዚያ ዓመት ከ16 ጨዋታ ያሸነፈው 3 ብቻ ነው፤ አሠልጣኙም ተባረሩ። አንድ ሰው ብቻውን የስምንት ሰው ጭነት መሸከም አይችልም።

ይህን ነገር ሁለት ሊቃውንት መርምረውታል። አንደኛው በ2017 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ሪቻርድ ቴለር፣ ሁለተኛው ኬድ ማሲ ናቸው። የብዙ ዓመት ምርጫዎችን ሰብስበው ሲመዝኑ ያገኙት ነገር ይህ ነው፤ ቡድኖች ለመጀመሪያዎቹ ተራዎች የሚከፍሉት ዋጋ ተጫዋቾቹ በኋላ ከሚያስገኙት ጥቅም እጅግ ይበልጣል። ደግሞም በአንድ ቦታ ከሚጫወቱ ሁለት ወጣቶች ቀድሞ የተመረጠው ተከትሎት ከተመረጠው የተሻለ ሆኖ የሚገኝበት ዕድል ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት እምብዛም አይበልጥም። መራጮቹ ሞኞች አይደሉም፤ ዓመቱን ሙሉ የወጣቶቹን ሩጫ በሰዓት ሲለኩ፣ ቁመታቸውንና የእጃቸውን ስፋት ሲሰፍሩ የሚከርሙ ባለሙያዎች ናቸው። የሚሳሳቱት ባለማወቃቸው ሳይሆን የማያውቁትን እንዳወቁት በመቍጠራቸው ነው።

አሁን ወደ አክስቴ ልጅ ጩኸት ልመለስ። በ2018 በተደረገው ድራፍት በመጀመሪያው ዙር አምስት ኳርተርባኮች ተመረጡ። የሦስቱን ዕጣ ብቻ ላውጋችሁ።

አንደኛው ጆሽ ሮዘን በአሥረኛ ተራ ወደ አሪዞና ሄደ። በዚያው ዓመት ቡድኑ ክፉኛ ተሸነፈ፤ አሠልጣኙ ከአንድ ዓመት በኋላ ተሰናበቱ፤ አዲስ አሠልጣኝ መጡ። በ2019 አሪዞና የመጀመሪያው ተራ ስለ ደረሰው ካይለር መሪ የተባለ ሌላ ኳርተርባክ መረጠና ሮዘንን ወደ ማያሚ ሸጠው። ልጁ የሥራውን መግቢያ በር ገና ሳይለምድ «አሮጌ» ተባለ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ከቡድን ወደ ቡድን ሲዞር ቆይቶ ቦታ ሳያገኝ ቀረ።

ሁለተኛው ጆሽ አለን በሰባተኛ ተራ ወደ በፋሎ ሄደ። ክንዱ ብርቱ ቢሆንም ውርወራው አይታመንም ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ከ100 ውርወራ ወደ ጓደኛው እጅ የደረሰው 53 ያህሉ ብቻ ነበር። ብዙ ሰው ሣቀበት። በፋሎ ግን ሌላ አዲስ ከመፈለግ ይልቅ ያንኑ ልጅ ማስተማር ያዘ፤ ጨዋታውን የሚቀምርለትን አሠልጣኝ አልለወጠበትም፤ ኳስ የሚቀበሉለትን ጐበዞች አመጣለት። በሁለተኛው ዓመት 59፣ በሦስተኛው 69 ሆነ። በ2024ቱ የጨዋታ ዘመን የማኅበሩ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል የምንለው ይህንኑ ነው፤ ብቻ እስኪሄድ ድረስ የሚታገሥ ባለቤት ይፈልጋል።

ሦስተኛው ሳም ዳርኖልድ ነው። በሦስተኛ ተራ የመረጠው የኒው ዮርክ ጄትስ ቡድን ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ዋና አሠልጣኞች ተፈራረቁበት። በ2021 ጄትስ በሁለተኛ ተራ ዛክ ዊልሰን የተባለ አዲስ ወጣት መረጠና ዳርኖልድን ወደ ካሮላይና ሰደደው። ዊልሰንም በተራው ሦስት ዓመት ቆይቶ በ2024 ወደ ዴንቨር ተላከ። ዳርኖልድ በካሮላይና ሁለት ዓመት፣ በሳን ፍራንሲስኮ አንድ ዓመት በተጠባባቂነት አሳለፈና በ2024 የአክስቴ ልጅ ወደሚደግፈው ወደ ሚኒሶታ ቡድን መጣ። የመጣው ግን ወንበር ጠባቂ እንዲሆን ነበር። ምክንያቱም በዚያው ዓመት ሚኒሶታ ጄ.ጄ. መካርቲ የተባለ አዲስ ወጣት በአሥረኛ ተራ መርጦ ነበር።

መካርቲ ውድድሩ ሳይጀመር ጉልበቱን ታመመና ዓመቱን ሙሉ ሳይሰለፍ ቀረ። በእሱ ፈንታ የተሰለፈው ዳርኖልድ ከ17 ጨዋታ 14ቱን አሸነፈ። የአክስቴ ልጅ ያን ጊዜ በየሳምንቱ እየደወለ ያሞግሰው ነበር። በመጨረሻዎቹ ሁለት ጨዋታዎች ግን ዳርኖልድ ደከመ፤ ቡድኑም ተሸንፎ ወጣ። ወዲያውም የከተማው ቋንቋ ተለወጠ። «ጉድለቱ ታየ፤ አዲሱ ልጅ ይሻላል» ተባለ። በመጋቢት 2025 ሚኒሶታ አሰናበተው፤ ሲያትል በሦስት ዓመት ውል 100 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከፍሎ ወሰደው። በዚያን ሰሞን የአክስቴን ልጅ «ምነው 14 ጨዋታ ያሸነፈላችሁን ሰው ትለቁታላችሁ?» ብዬ ብጠይቀው «አንተ አታውቅም፤ አዲሱ ልጅ ምን እንደሚሆን ገና አልታየም» አለኝ። ገና ያልታየ መሆኑ ራሱ ማስረጃ ሆኖ ቀረበልኝ! በተከታዩ ዓመት አዲሱ ልጅ በጉዳትና ባለመልመድ ሲቸገር ሚኒሶታ ለመጨረሻዎቹ የዋንጫ ጨዋታዎች ሳይበቃ ቀረ። በየካቲት 2026 ደግሞ ሲያትል በዳርኖልድ እየተመራ ሱፐር ቦውል የሚባለውን ትልቁን ዋንጫ ወሰደ። ያ ሰኞ ማለዳ የሰማሁት ጩኸት የዚህ ነበር።

ፍርድ እንዳላዛባ የሌላውንም ወገን ነገር ልናገር። የአክስቴ ልጅ ሲበርድለት እንዲህ አለኝ፦ «በ2020 እኮ ስቴፎን ዲግስን ለበፋሎ ሰጥተን ባገኘነው ተራ ጀስቲን ጀፈርሰንን መረጥን፤ እሱም ከዓለም አንደኛ ኳስ ተቀባይ ሆነልን።» እውነት ነው። አዲሱ አንዳንድ ጊዜ ከተስፋውም በላይ ይሆናል። ደግሞም የገንዘብ ነገር አለ። በ2010 መጀመሪያ የተመረጠው ሳም ብራድፎርድ 78 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ውል ሲፈርም፣ በ2011 በወጣው አዲስ ስምምነት ምክንያት በዚያው ዓመት መጀመሪያ የተመረጠው ካም ኒውተን የተዋዋለው በ22 ሚሊዮን ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ ተጫዋች ርካሽ ስለሆነ ቡድኖች ቢሹት አይፈረድባቸውም። እኔም አዲስ ሰው አትምረጡ አልልም። ትናንት አዲስ ያልነበረ ነባር የለም። የምለው፣ አዲሱን በተስፋው፣ ነባሩን በስሕተቱ መመዘን ሚዛኑን ማዛባት ነው።

ለምን እንዲህ እንደምናደርግ ብዙ አሰብሁበት። አባቶቻችን «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ይላሉ። እኛ ግን ተጫዋች ስንመርጥ የማናውቀውን ሁሉ መልአክ እናደርገዋለን። የአዲሱን ጉድለት ስላላየን ጉድለት የለውም እንላለን። የነባሩን ጉድለት የምናውቀው ግን አብረነው ስለ ሠራን ነው፤ ስለዚህ ቅርበታችን በእሱ ላይ ምስክር ሆኖ ይቆምበታል።

ሁለተኛው ምክንያት ከምስጋና ጋር የተያያዘ ነው። አዲስ ጐበዝ ያገኘ ሰው «እሱ ነው ያገኘው» ይባልለታል። የአንድን ልጅ የግራ እግር ዓመት ሙሉ ሲያቃና የከረመ ሰው ግን ማንም አያጨበጭብለትም። አዲስ አለቃም ሲመጣ የቀድሞው አለቃ ያሰለጠነውን ሰው ሥራ ከማሻሻል ይልቅ የራሱን ሰው ማምጣት ይቀናዋል። ሮዘንን የጐዳው ይህ ይመስለኛል፤ በመሥሪያ ቤት የምትሠሩ አንባቢዎቼም ይህን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

ሦስተኛው ምክንያት ዕድገት ለቅርብ ሰው አለመታየቱ ነው። እናት የልጇን ቁመት መጨመር አታየውም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣ ዘመድ ግን ገና ከደጅ «ምን አደገ!» ይላል። አሠልጣኝም ካልጻፈው በቀር በየቀኑ የሚያየውን ልጅ ለውጥ አያስተውለውም። የአዲሱ ትርኢት ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል፤ ዓይንም የሚማረከው በትርኢት ነው።

እኔ ራሴ በመስከረም 2016 ዓ.ም. አዲስ ደብተር ነበርሁ። ርእሰ መምህሩ በሰንደቅ ዓላማው ሥር «ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ትኩስ የወጣ» ብለው ሲያስተዋውቁኝ ተማሪው አጨበጨበ። ከጐኔ ሃያ ዓመት ታሪክ ያስተማሩ ጋሼ ቆመው ነበር። በዚያው ሳምንት እሳቸው ይዘውት የነበረው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ለእኔ ተሰጠ። በመጀመሪያው ፈተና ከተማሪዎቼ የሚበዙት ወደቁ፤ ጥያቄዎቹን ያወጣሁት የኮሌጅ መምህር ነኝ ብዬ ነበርና። ያን ጊዜ እኚያ ጋሼ በመምህራን ማረፊያ ክፍል አጠገቤ ተቀምጠው፣ ቅሬታ ሳያሳዩ፣ ጥያቄ እንዴት እንደሚወጣ አሳዩኝ። ዘንድሮ ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ሌላ ወጣት አስተማሪ መጣ። ጭብጨባው እኔን አልፎ ወደ እሱ ሲሄድ በጆሮዬ ሰማሁት። ሥራዬን መልመድ የጀመርሁት ግን ገና አሁን ነው።

ያን ሰኞ ከትምህርት በኋላ መሳቢያዬን ከፍቼ ደብተሩን አወጣሁ። የአዲሱን ልጅ ገጽ ገለጥሁ፤ ያቺው አንዲት መስመር አለች፤ ከዚያ በታች ወረቀቱ ነጭ ነው። ምንም አላስተማርሁትም ማለት ነው። እሱንም በድዬዋለሁ። ቀጥዬ የነባሩን ልጅ ገጽ ገለጥሁ። ቀለሙ የደበዘዘ፣ ስርዝ ድልዝ የሞላበት፣ በዝናብ ጠብታ የረጠበ ገጽ ነው። ጉድለቶቹን ቈጠርኋቸው፤ አሥራ አንድ ናቸው። የተሰረዙትን ቈጠርሁ፤ ስምንት ናቸው። አንገቱን መድፋቱ ተሰርዟል። ኳስ ይዞ መዘግየቱ ተሰርዟል። የግራ እግሩ ገና አልተሰረዘም፤ በጐኑ ግን በራሴ እጅ ጽሕፈት «እየተሻለው ነው» የሚል ሰፍሯል። ይህን የጻፍሁት በሰኔ ነበር። በጥቅምት ወንበር ላይ ያስቀመጥሁት ልጅ በሰኔ እየተሻለው የነበረ ልጅ ነው።

ቅዳሜ ወደ ብስክሌት ጥገና ቤቱ ሄድሁ። ልጁ ጐማ ፈትቶ ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ እየነከረ ቀዳዳውን ሲፈልግ አገኘሁት። ሲያየኝ ብድግ አለ፤ እጁ በግራሶ ስለ ቈሸሸ ክርኑን ለሰላምታ ሰጠኝ። ካቻምና አስተምረው የነበረ፣ ዘንድሮ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጅ ጐረምሳ ሆኗል። በአገራችን አስተማሪ ለተማሪው «አጥፍቻለሁ» ማለት እንደሚከብደው ታውቃላችሁ። እኔንም ከበደኝ፤ ሁለት ጊዜ ስለ ትምህርቱ ጠይቄው ዝም አልሁ። በኋላ ግን ተናገርሁት፤ ከደብተሩ ቀድጄ ያመጣሁትንም ገጽ ሰጠሁት።

እጁን በሱሪው ጠርጎ ወረቀቱን ተቀበለኝ። እንደ ሕፃን በጣቱ እየተከተለ ከላይ እስከ ታች አነበበው። መስመር ያልተሰረዘባቸውንም በጣቱ ቈጠራቸው።

«ቲቸር፣ ሦስት ብቻ ነበር እንዴ የቀረኝ?» አለኝ።

«አዎን» አልሁት።

«እኔ እኮ ምንም የማይሻሻል መስሎኝ ነበር። ለምን አልነገሩኝም?»

የምመልሰው አልነበረኝም። ልጁ ወረቀቱን በአራት አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተው፤ የሚጠብቀው ደንበኛ ስለ ነበረም ወደ ጐማው ተመለሰ። ወደ ቡድኑ አልተመለሰም፤ ፈተናውም ሥራውም ጊዜ አይሰጡትም። ከዚያን ቅዳሜ ወዲህ ግን በየወሩ መጨረሻ ተጫዋቾቼን አንድ ባንድ እየጠራሁ የተሰረዙትን መስመሮች ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላቸዋለሁ። አዲስ ተማሪ ሲመጣም በደስታ እቀበለዋለሁ፤ ነገር ግን ስለ እሱ ቢያንስ አምስት ጉድለት ሳልጽፍና አንዱን ሳላቃናለት የማንንም ቦታ አልሰጠውም።

ውድ አንባቢዎች፤ ተማሪዎች ከሆናችሁ ከጐናችሁ የተቀመጠው አዲስ ጐበዝ ሲጨበጨብለት ስትሰሙ የራሳችሁን ደብተር ጥላችሁ አትነሡ፤ ስንት መስመር እንደ ሰረዛችሁ ቍጠሩ። በመሥሪያ ቤት የምትሠሩ ከሆናችሁም ነገ ከነገ ወዲያ አለቆች ትሆናላችሁ። ያን ጊዜ አዲስ ሰው ለመሻት ከመነሣታችሁ በፊት አጠገባችሁ ያለውን ወጣት ገጽ አንድ ጊዜ ገልጣችሁ አንብቡት፤ የተሻሻለውንም ለራሱ ንገሩት። እኔ ዘግይቼ ነው የነገርሁት።